ጸልዬም ጭንቀቱ አልለቀቀኝም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከሥራና ከውስጥ ሰላም ጋር የተያያዙ ጥያቄዎችን ሰብስበናል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ኃላፊነት የበዛበት ሥራ ነው ያለኝ። ማታ ተንበርክኬ ስለ ነገው ስብሰባ፣ ስላላለቀው ሥራ፣ ስለ አለቃዬ ቁጣ ሁሉ እጸልያለሁ። ስነሣ ግን ጭንቀቱ ብሶብኝ ነው የምነሣው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። እምነቴ ጎድሎ ይሆን?

መልስ፦ እኅታችን፣ እምነት የጎደለው ሰው ማታ ማታ አይንበረከክም። መታረም ያለበት የጸሎቱ አካሄድ ይመስለናል። ተንበርክኮ መጨነቅና ተንበርክኮ መጸለይ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ለመለየት እንዲህ ያድርጉ፦ ዛሬ ማታ ሲጸልዩ እግዚአብሔርን በግልጽ የጠየቁት ነገር ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። «ስብሰባው ላይ ቢያዋርደኝስ? ሪፖርቱ ባይደርስስ?» የሚለው ልመና አይደለም። ስጋትን ለራስ ደጋግሞ መናገር ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ይገዝፋል።

«በነገር ሁሉ በጸሎትና በምልጃ ከምስጋና ጋር በእግዚአብሔር ዘንድ ልመናችሁን አስታውቁ እንጂ በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን (ፊልጵስዩስ 4፥6) ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ግን «አትጨነቁ» የሚለው ብቻ ጆሯችን ላይ ይቀርና ራሳችንን እንወቅስበታለን። ጳውሎስ ጭንቀትን ከልክሎ ብቻ አልሄደም፤ በቦታው ምን እንደሚገባም ተናግሯል፦ የተገለጠ ልመናና ምስጋና። አእምሮን የሚያልፈው ሰላም በቁጥር 7 ላይ ይመጣል። ቁጥር 8 ምን እንደምናስብ፣ ቁጥር 9 ምን እንደምናደርግ ያዝዛል። ይህን ሲጽፍ ታስሮ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሎም «የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁ» ይላል። ሐዋርያው በትምህርት ያገኘውን እኛ በአንድ ሌሊት ካልመጣልን ብለን ተስፋ ልንቆርጥ አይገባም።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ይህን ይሞክሩ። ከመኝታዎ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው 20 ደቂቃ ይለዩ። አልጋ ላይ አይሁን፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ትተው።

መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያህል የሚያስጨንቅዎትን ሁሉ ይጻፉ፤ ለአንዱ ነገር አንድ መስመር። «ሥራ» ብለው አይጻፉ። «ሐሙስ የማቀርበው ሪፖርት ሦስተኛው ክፍል አላለቀም» ብለው ይጻፉ። ጭጋግ የሆነ ጭንቀት ሊጸለይበትም ሊሠራበትም አይችልም። ቀጥሎ በየመስመሩ ጫፍ ምልክት ያድርጉ፦ ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ይህ የሌላ ሰው ውሳኔ ነው፣ ይህ ገና ያልመጣ ነገር ነው። የመጀመሪያው ምልክት የሚገባቸው ብዙውን ጊዜ ከጠበቁት በጣም ያነሱ ናቸው።

ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ልመና ይለውጡትና ድምፅ አውጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩት፦ «ጌታ ሆይ፣ ነገ ስጠየቅ የማላውቀውን አላውቅም ለማለት ድፍረት ስጠኝ።» አንድ ጊዜ የምንለው በምክንያት ነው። በሉቃስ 18 ያለችው መበለት ሳትታክት የለመነችው በቀናት ውስጥ እየተመላለሰች ነው። በአንድ ቁጭታ ያንኑ ስጋት ማመላለስ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ ከዛሬው ውሎ ሦስት ምስጋና፤ «ስላደረግህልኝ ሁሉ» ከሚለው ይልቅ «ከሰዓት በኋላ ያ ደንበኛ በትዕግሥት ስላናገረኝ» የሚለው ልብን ይመልሳል። በመጨረሻም «የእኔ ሥራ» ባሉት መስመር ላይ ብቻ፣ ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ አንድ ቀጣይ እርምጃና የሚሠሩበትን ሰዓት ይጻፉ። ወረቀቱን አጥፈው ያስቀምጡ። ነገ ይጠብቅዎታል።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ እንደ እምነት ማነስ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ነህምያን ይመልከቱ። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን የሰማው በካሴሉ ወር ነው፤ ንጉሡ ፊት የተናገረው በኒሳን፤ በመካከሉ ባለው አራት ወር ያህል ጊዜ ጾሞ ጸልዮአል። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን መልሱ የተዘጋጀ ነበር፦ የሚቆይበትን ጊዜ ወሰነ፤ ከወንዝ ማዶ ላሉት ገዢዎች ደብዳቤ ጠየቀ፤ የንጉሡ ዱር ጠባቂ አሳፍ እንጨት እንዲሰጠውም ሌላ ደብዳቤ ጠየቀ። እንጨቱ ለምን ለምን እንደሚውል እንኳ ዘርዝሯል (ነህምያ 2፥6–8)። ጸሎቱ ዝርዝር አስይዞታል። ጠላት ሲነሣበትም ጸለየ፤ ጠባቂም አቆመ (4፥9)። ቅጥሩ በ52 ቀን አለቀ።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎችም እንንገርዎት። ብዙ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ይጀምረውና አልጋው የሐሳብ ቦታ ይሆንበታል። ሌላው ወረቀቱን ካጠፈ በኋላ «አንድ ጊዜ ብቻ» ብሎ የሥራ መልእክቱን ይከፍታል፤ የደከመበት ሁሉ በዚያች ደቂቃ ይፈርሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ምሽቶች ደግሞ ጭንቀቱ የጨመረ ሊመስል ይችላል፤ ተበትኖ የነበረው አንድ ላይ ስለታየ ነውና አያቋርጡ። ሌሊት ከነቁ አዲስ ዝርዝር አይጀምሩ። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን የመዝሙር 4 የመጨረሻ ቁጥር ቀስ ብለው፣ በትንፋሽዎ ልክ ይበሉት። ወደ 20 ደቂቃ ተኝተው እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥተው ደብዘዝ ባለ ብርሃን ይቀመጡ፤ ዓይንዎ ሲከብድ ይመለሱ። በሳምንቱ መጨረሻ የቆዩትን ወረቀቶች ያንብቡ። ከተጻፈው ውስጥ የደረሰው የትኛው እንደሆነ፣ ያልደረሰውም የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ማየት ለሚቀጥለው ሳምንት ጸሎት ትልቅ ስንቅ ነው።

ጥያቄ፦ ለጭንቀቴ ሐኪም ላማክር ስል «በእግዚአብሔር አትታመኚም ወይ?» አሉኝ። ኃጢአት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከወንጌል ጸሐፊዎች አንዱ ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው ባለ መድኃኒቱ» ይለዋል (ቆላስይስ 4፥14)። መጽሐፈ ሲራክን በሚቀበሉ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ምዕራፍ 38 ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል፦ ስትታመም ጸልይ፣ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና። ኤልያስ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» ባለ ጊዜ እግዚአብሔር ተግሣጽ አላስቀደመም። አስተኛው፤ መልአክ ቀስቅሶ አበላው፤ ደግሞ አስተኛው፤ ደግሞ አበላው። ንግግሩ ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)።

ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ካሳጣ፣ ሥራ መሥራትና ሰው ማነጋገር ከከበደ፣ ልብ እየመታ ትንፋሽ የሚያሳጥር ድንገተኛ ፍርሃት ከተመላለሰ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ሞትን የመመኘት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ፣ ብቻዎን አይሁኑ፣ በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችም «ተጸለየልኝ» ብለው በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጡ አጥብቀን እንለምናለን። አንዳንዱ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ራሱ ከባድ ሕመም ያመጣል። የተሻለዎት ከመሰለዎት ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ስቀጠር ወድጄው ነበር። አሁን ግን ረፋድ ላይ ሁሉ ነገር ያስጠላኛል። ሰዓቱ አይሄድም፤ ስልኬን እነካካለሁ፤ የሥራ ማስታወቂያ አገላብጣለሁ፤ ባልደረቦቼ ሁሉ ፍቅር የሌላቸው ይመስሉኛል። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ብሆን ይሻለኛል እላለሁ። እግዚአብሔር «ልቀቅ» እያለኝ ነው ወይስ ስንፍና ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጻፉልንን ከ1,600 ዓመት በፊት በግብፅ በረሃ የኖረ መነኩሴ ቢያነበው በአንድ ጊዜ ያውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው ኤዋግሪዎስ መነኮሳትን ከሚፈትኑት ስምንት ክፉ ሐሳቦች እጅግ ከባዱ ይህ ስልቸታ ነው ብሎ ጽፏል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጀምርና እስከ 8 ሰዓት ነፍስን ይከባል። ፀሐይ የቆመች፣ ቀኑም 50 ሰዓት የሆነ ያስመስላል። መነኩሴው ዓይኑ መስኮት መስኮት ያያል። ቦታውን ይጠላል፤ የእጁን ሥራ ይጠላል፤ «በወንድሞች መካከል ፍቅር ጠፍቷል፣ የሚያጽናናኝም የለም» ይላል። ሥራው ቀላል፣ ኑሮው የሚመች ሌላ ስፍራ ይታየዋል። አባቶች ይህን በመዝሙር 91 (በሌላው አቆጣጠር 90) ባለው ስም «የቀትር ጋኔን» ብለውታል።

ስንፍና ብቻ ብለን እንዳንዘጋው የሚያደርገን አንድ ነገር አለ። ይህ ፈተና አንዳንድ ጊዜ ትጋት ለብሶ ይመጣል። ሌላው የጥንት መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን እንደጻፈው፣ የተፈተነው መነኩሴ ድንገት በሩቅ ያለ በሽተኛ መጠየቅ፣ ረዳት የሌላትን ሴት መርዳት ያምረዋል። ነገሩ መልካም ነው፤ የሚያምረው ግን ከተቀመጠበት ስለሚያስነሣው ነው። «አገልግሎት ብሆን» የሚለው ሐሳብዎ ከዚህ ወገን መሆን አለመሆኑን የሚያሳውቀው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ረፋድ ላይ፣ ከባዱ ሥራ ፊትዎ ተዘርግቶ ሳለ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ይጠርጥሩት። በዕረፍት ቀን ጠዋት፣ ጠግበው ተኝተው ሲነሡም በዚያው ኃይል ካለ ሌላ ምርመራ ይገባዋል።

መድኃኒቱ በአባ እንጦንስ ታሪክ ውስጥ አለ። በዚሁ ስልቸታ ተይዞ ሳለ እርሱን የሚመስል ሰው አየ፦ ተቀምጦ ገመድ ይሠራል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ደግሞ ተቀምጦ ይሠራል። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህም» የሚል ድምፅም ሰማ። ሥራና አጭር ጸሎት እየተፈራረቁ፤ ከዚያ የረቀቀ ነገር የለበትም።

በዛሬ ሥራ ቦታ እንዲህ ይሆናል። ለአምስት የሥራ ቀናት ስልቸታው የሚጀምርበትን ሰዓት ብቻ በማስታወሻ ይያዙ፤ አይታገሉት። ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ተቀራራቢ ሰዓት ላይ ይገኛል። በሁለተኛው ሳምንት የቀኑን ከባድ ሥራ ከዚያ ሰዓት 40 ደቂቃ ቀድመው ይጀምሩ፤ የተጀመረ ሥራ ላይ መቆየት ካልተጀመረው ይቀላል። ሰዓቱ ሲደርስ ከወንበርዎ ይነሡ። ሁለት ደቂቃ ቆመው አንድ አጭር ጸሎት ይበሉ፤ «አቤቱ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ ማረኝ» ይበቃል። ተመልሰው ሲቀመጡ የሥራውን ትንሿን ክፍል ይያዙ፦ አንድ ገጽ፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ሠንጠረዥ። እርሷ ስታልቅ እንደገና ይነሡ። ስልኩ በመሳቢያ ይቆይ፤ በእነዚያ ሰዓታት መስኮቱ እርሱ ነው።

በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ስለ መልቀቅ ውሳኔ አይወስኑ፤ ማመልከቻም አይላኩ። ጥያቄውን ጽፈው ለዕረፍት ቀን ያሳድሩት። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ በረጋ መንፈስ ስታዩት፣ እርስዎና የንስሐ አባትዎ ወይም መጋቢዎ፣ መልሱ ያው «ልቀቅ» ከሆነ መልቀቅ ሽሽት አይባልም። እግዚአብሔር ሲጠራ ብዙ ጊዜ የሚሄዱበትን ያሳያል፤ ስልቸታ ግን «ከዚህ ብቻ ውጣ» ነው የሚለው። ሥራው ኃጢአት የሚያሠራ፣ ደመወዝ የሚያስቀር ወይም ጤና የሚጎዳ ከሆነ ይህ ሁሉ ምርመራ አያስፈልገውም፤ መውጫውን በጥበብ ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ በንብረት ክፍል እሠራለሁ። የገባው ዕቃ 28 ካርቶን ሆኖ ሳለ «የቀረው ነገ ይመጣል፤ 40 ብለህ ፈርም» ተባልኩ። እምቢ ብል ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ።

መልስ፦ አይፈርሙ። ግን እምቢታው እንዴት እንደሚቀርብ ብዙ ይለውጣል። ዳንኤል የንጉሡን መብል ላለመብላት በልቡ ከቆረጠ በኋላ ጃንደረባውን ለመነው። ጃንደረባው ለራሱ እንደሚፈራ ሲነግረው ፍርሃቱን አላናናቀም። ወደ ሌላ ኃላፊ ሄዶ 10 ቀን እንዲፈትናቸው ሐሳብ አቀረበ (ዳንኤል 1፥8–14)። ልቡ የጸና፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ በእጁም አማራጭ የያዘ ሰው ነበር።

እርስዎም አማራጩን አስቀድመው ጽፈው ይግቡ፦ «28 ተረክቤያለሁ፤ 12 ይቀራል» የሚል የርክክብ ሰነድ አሁኑኑ ይፈርማሉ፤ 12ቱ በገባ ሰዓት ሁለተኛውን ይፈርማሉ። ለአለቃዎ ብቻቸውን ሳሉ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ሥራው እንዳይቆም እፈልጋለሁ። ያልቆጠርኩትን መፈረም ግን አልችልም፤ ነገ ቢጎድል እርስዎም እኔም እንጠየቃለን። ይህን አዘጋጅቻለሁ።» ስብከት አይጨምሩበት፤ «ሌባ» የሚመስል ቃልም አይውጣ። ምናልባት እርሳቸውም ከበላይ ተገደው ይሆናል። ግፊቱ ከቀጠለ ትእዛዙን በጽሑፍ እንዲሰጡዎት በትሕትና ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያ ላይ ይቆማል። የቆጠሩትን ከነቀኑና ሰዓቱ በራስዎ መዝገብ ይያዙ።

ዋጋ ሊያስከፍል እንደሚችል አንደብቅዎትም። ሦስቱ ወጣቶች በእሳቱ እቶን ፊት «ያድነናል» ካሉ በኋላ «ባያድነንም» ብለዋል (ዳንኤል 3፥17–18)። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ለቤተሰብዎ ይንገሩ፤ ወጪዎትን ይመልከቱ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ሰው ያማክሩ። ተዘጋጅቶ የገባ ሰው ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

ጥያቄ፦ የሠራሁትን ሥራ ባልደረባዬ የራሱ አድርጎ አቀረበና ተመሰገነበት። ይቅር ብያለሁ እላለሁ፤ ሳየው ግን ሆዴ ይሻክራል። ይቅርታዬ ከአንገት በላይ ይሆን?

መልስ፦ የተጎዳ ስሜት መመለሱ ይቅርታውን ከንቱ አያደርገውም። ጴጥሮስ ስንት ጊዜ ይቅር ልበል ብሎ ሲጠይቅ «እስከ ሰባ ጊዜ ሰባት» የተባለው ይቅርታ ተደጋጋሚ ሥራ ስለሆነም ይመስለናል። እዚያው ማቴዎስ 18 ላይ ባለው ምሳሌ ባልንጀራው ያለበት ዕዳ 100 ዲናር ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ስለነበር ከሦስት ወር በላይ ድካም መሆኑ ነው። ጌታ ከ10,000 መክሊት ጋር አነጻጸረው እንጂ የእርስዎ ጉዳት ኢምንት ነው አላለም። ስለዚህ ዕዳውን በስሙ ይጥሩት። የተወሰደብዎት ምንድን ነው? ምስጋና? የደረጃ ዕድገት? በአለቃዎ ዘንድ የነበረዎት ግምት? ጽፈው በእግዚአብሔር ፊት «ይህን ከእርሱ አላስከፍልም» ይበሉ። ማስከፈል ማለት ደግሞ ለሌሎች ማማት፣ መረጃ ሲጠይቅ ማዘግየት፣ ሰላምታ መንፈግ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከተዉ ሆድዎ ቢሻክርም ይቅርታው እየሠራ ነው።

ይቅር ማለትና ማመን ግን አንድ አይደሉም። ዮሴፍ ወንድሞቹን ወዲያው አቅፎ አልሳመም። ብንያምን በመከራ ጊዜ ይተዉት እንደሆነ አይቶ፣ ይሁዳ «በእርሱ ፋንታ እኔ ልቅር» ሲል ሰምቶ ነው ራሱን የገለጠላቸው (ዘፍጥረት 44–45)። እምነት በፍሬ የሚመለስ ነገር ነው። እስከዚያው ረቂቅ ሥራዎችን ስምዎና ቀኑ ያለበት አድርገው በጽሑፍ ይላኩ፤ አብራችሁ ስትሠሩ ማን ምን እንደሚያቀርብ አስቀድመው ይስማሙ። ይህ ቂም አይደለም።

ንግግሩንም አይዝለሉት፤ ማቴዎስ 18፥15 «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ይላል። «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ማለት በዚያው ምሽት ሁሉን መጨረስ አይመስለንም፤ መቼ እንደሚያነጋግሩት ግን ፀሐይ ሳትገባ ይወስኑ። ስብሰባው ባለቀ ደቂቃ አይሁን፤ በማግስቱ፣ በር ያለው ክፍል ውስጥ፣ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» አይበሉ። «ማክሰኞ ያቀረብከው ሠንጠረዥ እኔ የሠራሁት ነበር፤ ስሜ ስላልተነሣ ከፍቶኛል፤ ለክፍል ኃላፊው አብረን እንድናስተካክለው እፈልጋለሁ» ይበሉና ዝም ይበሉ። ዝምታውን እርሱ ይሙላው። ካመነ፣ ማስተካከያውን በምን ቀን እንደምታደርጉ በዚያው ይወስኑ። ከካደ አይከራከሩ፤ ሥራውን ሲሠሩ ያየ አንድ ባልደረባ ይዘው ሁለተኛ ጊዜ ያነጋግሩት። ያም ካልሆነ ረቂቆቹን ከነቀናቸው ይዘው ወደ ክፍል ኃላፊው ይሂዱ፤ ከመሄድዎ በፊት ግን እንደሚሄዱ ለእርሱ ይንገሩት።